እናቴ የቀባችኝ ቅቤ

ስለ ማጥባት የሚያወሩ ሴቶች ይዋሻሉ፤ ካልዋሹም ረስተውታል። አስተማሪ ነኝ። ከመውለዴ በፊት በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ስንቷ እናት አጠገቤ ተቀምጣ ስለ አራስነቷ አውርታኛለች። ስለ ምጡ ነግረውኛል፣ ስለ ስፌቱ ነግረውኛል፣ መቀመጥ ስለማይቻልባቸው ቀናት ሳይቀር እየተሳሳቁ ነግረውኛል። የጡት ጫፍ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ደም እንደሚያወጣ ግን አንዷም ትንፍሽ አላለችም። ዛሬም ድረስ ያናድደኛል።

ልጄ የተወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ደሜ አልቆም ስላለ ሐኪሞቹ ማህፀኔን አወጡት። ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት ይህንን ነው፤ ልጄን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሌላ እናት ቀስ ብላ የምታውቀውን እኔ በአንድ ጠዋት አወቅሁት። ሁለተኛ ልጅ የለኝም። ማጥባት የሚባለው ነገር ካመለጠኝ ደግሜ አላገኘውም። አምጬ ያልወለድኳትን ልጅ በጡቴ አሳድጋታለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ለሌላ ሰው አልተናገርኩትም፤ ሰው ሲሰማው ትንሽ ነገር ይመስላል።

እናቴ ልታስታምመኝ ከጎጃም መጣች። ቤታችን ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በአንድ እጇ በሶና የአጃ ዱቄት ያለበት ከረጢት፣ በሌላው ለጋ ቅቤ የሞላ ቅል አንጠልጥላ ደረጃውን ስትወጣ አንዴ እንኳ አላረፈችም። ትንፋሹ የተቆረጠው ከኋላዋ የተከተላት ባለቤቴ ነው። አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ሞተር ያወርዳል፣ ይሰቅላል፣ ደረጃ ግን አይሆንለትም።

«እማማ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ» አላት።

«ልጄ እላይ ተኝታ እኔ እዚህ ምን ያቆመኛል?»

ልጄ ያለችው እኔን ነበር። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ሰማሁት።

ሕመሙ ገና ሆስፒታል ሳለሁ ጀምሮኝ ነበር፤ ቤት ስገባ ባሰ። ልጄ አፏን ከፍታ ስትይዘኝ የእግሬ ጣቶች ይኮማተራሉ። የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ግድግዳ ግድግዳ አያለሁ። መጀመሪያ ላይ ያለው ነው የሚብሰው፤ ከዚያ ሕመሙ አይቀንስም፣ ሰው ይለምደዋል እንጂ። ስትጨርስና ስትለቀኝ ጫፉ ነጭ ሆኖ፣ ተጠፍጥፎ፣ መሃሉ ላይ ቀይ ስንጥቅ ይዞ ይወጣል። አንድ ጊዜ የልጄ ከንፈር ላይ ደም አይቼ የእሷ መስሎኝ ጮህኩ። የእኔው ነበር። በኋላ በኋላ ከእንቅልፏ ስትነቃና አፏን ስታላምጥ ገና ሳላነሳት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። አንዲት ጨቅላ መፍራት ያሳፍራል፤ እኔ ግን ፈራኋት።

የእናቴ መድኃኒት ቅቤ ነበር። ልጅቷ ጠብታ በጨረሰች ቁጥር እናቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፣ ከቅሉ ትንሽ ቆንጥራ መዳፏ ላይ ታሟሟለች፣ ከዚያ በቀለበት ጣቷ ስንጥቁን ተከትላ ትቀባኛለች። ራሴ ልቀባ ስል እጄን ትመታኛለች፤ «አራስ እጇን አታንሳ» ትላለች። ልጅቷ ልትጠባ ስትል ደግሞ ለብ ባለ ውሃ በነከረችው ጨርቅ ትጠርግልኛለች። ከእኔ ይልቅ ጡቴን የምታውቀው እሷ ነበረች። ልጅ ሆኜ ጉልበቴ ሲላጥ እንደዚሁ አድርጋ ትቀባኝ ነበር፤ አሁንም ስትቀባኝ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ እሆናለሁ።

እየቀባችኝ ትቀልዳለች። «እኔን ላም ናት ያሳደገችኝ፤ ጥርሴን ተመልከቺ» ብላ ትገለፍጣለች። እውነትም ጥርሷ ሙሉ ነው። አያቴ እናቴን አራስ ቤት እንዳለች ጥላት መሞቷን አውቃለሁ። በምን እንደሞተች ግን ጠይቄ አላውቅም። ድሮ ሰው ይሞት ነበር፣ በቃ።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ሳታመናጭቀኝ ጡቴን አየችው። ልጅቷ ጫፉን ብቻ እየያዘች መሆኑን አሳየችኝ። አፏን በደንብ ስትከፍት ጠብቀሽ ጥቁሩን ክፍል ጨምሪ አጉርሻት አለችኝ። ከጠባች በኋላ የራሴን ወተት ጫፉ ላይ ቀብቼ ሳልሸፍን ነፋስ እንዲያደርቀው መከረችኝ። ይህንን ለእናቴ ስነግራት ቤቱ ተበጠበጠ።

«አራስ ጡቷን ለነፋስ? ምች መትቷት ትሙት ነው የሚሉት?»

«እማዬ፣ ነርሷ ነች ያለችው።»

«ነርሷ ወልዳለች?»

አላውቅም አልኩ። «ታዲያ!» አለች፤ ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው።

በመጨረሻ ተስማማን። ጠዋት ጠዋት መኝታ ቤት በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ አልጋዬ ላይ ስታርፍ እኔ ደረቴን ገልጬ እቀመጣለሁ፤ እናቴ በሩንና የመስኮቱን ስንጥቅ በፎጣ ደፍና፣ ጋቢ ዘርግታ እንደ አጥር ፊት ለፊቴ ትቆማለች። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ባይታወቅም እሷ ታግደዋለች። ባለቤቴ አንድ ቀን ለቁርስ መጥቶ በሩን ሲገፋ «ዝጋው!» ብለን ሁለታችንም ጮህንበት። እንጀራውን ኮሪደር ላይ ቆሞ በላ።

ጎረቤታችን የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፤ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን፣ ስትለማመድ ሁሉንም እንሰማለን። የቀዘቀዘ የጥቅል ጎመን ቅጠል ይዛ መጣችና ጡቴ ላይ ለጠፈችልኝ፤ ለእብጠቱ ጥሩ ነው አለች። ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ ጭና ጮክ ብላ ጸለየችልኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አማተበች፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አሜን» ስትል ሰማኋት። ተስፋ ከየትም ቢመጣ የማንመልስበት ሰሞን ነበር። በእርግጥም ለጥቂት ቀናት ትንሽ ተሻለኝ። ልጄ አፏን መክፈት ለመደች፤ እኔም አንድ ሁለቴ ነጠላዬን ሳልነክስ አጠባኋት። አንድ ጊዜ እየጠባች ቀና ብላ አየችኝና ጡቴን ሳትለቅ ፈገግ አለች፤ ወተቱ በአፏ ጥግ ፈሰሰ። ያች ሰዓት እዚያው ላይ ብትቆምልኝ ኖሮ ሌላ አልለምንም ነበር።

ከዚያ ግራ ጡቴ ቀላ፣ ደደረ፣ ነደደ። ከረፋዱ ጀምሮ አንቀጠቀጠኝ፤ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበውልኝ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ጤና ጣቢያ ነርሷ ደግማ አየችኝ፤ መድኃኒት ተሰጠኝ። ማጥባቱን እንዳላቆም፣ ወተቱ መውጣት እንዳለበት አስጠነቀቀችኝ። «መግል ከቋጠረ ግን ሊበጣ ይችላል» አለች። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። በሚኒባስ ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ወትሮ ረዳቱን ሳይቀር የማን ልጅ እንደሆነ የምትጠይቅ ሴት ናት። ዝምታዋን ከድካም ቆጠርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ቀራንዮ መድኃኔዓለም ተሳልማ መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤው ትንሽ ወደ ቢጫነት ያደላ መሰለኝ። ቅሉ አልቆ ከገበያ የገዛሁት ነው አለችኝ። መጥረጉንም ተወችው። «ቅቤ ምን ያደርጋታል፣ ትላሰው» አለች። እኔ ትኩሳቱ አድክሞኝ ስለነበር ጣቷ ጡቴ ላይ ሲሄድ ዓይኔን ጨፍኜ ተኛሁላት።

ልጄ ያን ቀን ጡቴን ያዘች፣ አንዴ ሳበች፣ ለቀቀች። ፊቷ ተጨማደደ። ከዚያ ሰምቼው የማላውቀው ለቅሶ አለቀሰች፤ የረሃብ አይደለም፣ የተከፋ ሰው ለቅሶ ነው። ሌላኛውን ሰጠኋት፤ ያው ሆነ። ቆይቼ ሞከርኩ፤ ገና ደረቴ ላይ ሳስተኛት ጀርባዋን ለጥጣ ተገታተረች። ትኩሳቱ ወተቴን አበላሸው አልኩ። መድኃኒቱ ነው አልኩ። በኋላ ደግሞ፣ ስለፈራኋት አውቃብኛለች አልኩ። ይህኛውን ነበር ይበልጥ ያመንኩት።

ቤት ውስጥ የጣሳ ወተትና ጡጦ ነበር። መቼ እንደተገዛ አላውቅም፤ እናቴ «ለክፉ ቀን» ብላ ባለቤቴን አዝዛዋለች። ልጄ ጡጦውን ግጥም አድርጋ ጠጣችና እናቴ ትከሻ ላይ ተኛች። እኔ ባኞ ቤት ገብቼ ቆሜ የተወጠረውን ጡቴን በእጄ አለብኩት። ወተቱ ነጭና ሞቃት ነበር፤ ምንም አልሆነም፤ ሲንኩ ውስጥ እየተንቆረቆረ ሄደ። እናቴ በሩ ላይ ሆና «ተያት ልጄ፣ እንቢ ካለች እንቢ ነው» አለችኝ። እንዲህ ቀናት ሄዱ። አቀርባታለሁ፣ ትጮሃለች፣ ጡጦ ይመጣል። በየቀኑ የማልበው እያነሰ መጣ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ እብጠቱም ጎደለ። እናቴ ፊቷ ፈካ፣ ሚኒባስ ስትሳፈርም ከረዳቱ ጋር ወሬዋን ቀጠለች። እኔ ግን ሲሻለኝ ይበልጥ የማለቅስ ሆንኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጄ እንደልማዷ ይዛኝ ለቀቀችና ስታለቅስ አንስቼ አፏን ሳምኳት። ከንፈሬ መረረኝ። ላስኩት፤ እውነትም ምሬት ነው። ጣቴን ጡቴ ላይ አሽቼ ቀመስኩ። ጉሮሮዬ ድረስ ወረደ፤ ምራቄን ብተፋውም አልለቀኝም። ምን እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም። የእሬትን ጥቅም የማታውቅ ሴት የለችም። ሁለት ዓመት ሞልቶት እየሮጠ መጥቶ በሰው ፊት የእናቱን ሸሚዝ የሚገልጥ ልጅ ጡት እንዲተው እናቱ እሬት ትቀባለች፤ ልጁ ሁለት ሦስቴ ይቀምሳል፣ ይጠላል፣ ይተዋል። የእኔ ልጅ ገና ክርስትና እንኳ አልተነሳችም ነበር።

እናቴ በረንዳ ላይ የልጅቷን ጨርቆች ታጥብ ነበር። ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ኋላ፣ የተሰበረ ጆግ ውስጥ፣ የተቆረጡ የእሬት ቅጠሎች ቆመዋል፤ ከቁራጩ ቢጫ ፈሳሽ ይወርዳል። ደብቃቸዋለች ለማለት እንኳ አይቻልም። ልጄን እንደያዝኩ ፊቷ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ቅቤው ውስጥ ምን ጨመርሽ?»

ቀና አላለችም። ጨርቁን ጨመቀች፣ አራገፈች፣ ሰቀለች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «እሬት» አለች።

ብዙ ነገር ተናገርኩ። አስተማሪ ነኝ፣ ድምፄ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ይሰማል፤ ያን ቀን ጎረቤታችን መዝሙሯን አቁማ ነበር። ልጄን ቀማሽኝ አልኳት። ከእናት የማይጠበቅ ነው አልኳት። ሁለተኛ ዓይንሽን አታሳዪኝ አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ የበረንዳው ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እናቴ እንዲሁ ነው የሆነችው» አለች። «መጀመሪያ ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ቀላ፣ አበጠ፣ አንቀጠቀጣት። አጥቢ፣ አጥቢ አሏት። አጠባች። ስትሞት እኔ ጡቷ ላይ ነበርኩ፤ አፌን በጣታቸው ነው ያላቀቁት ይሉኛል። እኔ በላም ወተት አደግሁ። ይኸው አለሁ። እሷ ግን የለችም።»

«መድኃኒት እየወሰድኩ እኮ ነው! ነርሷ ማጥባት ይሻላል አለች!»

«ለእናቴም ይሻላል ያሏት ነበሩ።»

«ልትጠይቂኝ አትችይም ነበር?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትይ ነበር?»

አልልም ነበር። እሷም ታውቃለች። ልጄ በመሃላችን እያለቀሰች ነበር፤ እናቴ እጇን ዘረጋችላት፣ እኔ ወደ ደረቴ ጨመቅኋት። እናቴ እጇን መለሰች።

«ሆስፒታል ደም ሲፈስሽ ስልክ ተደውሎልኝ፣ ለአራስ ቤትሽ ያሰናዳሁትን እንዳለ አንጠልጥዬ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ነው ከቤት የወጣሁት» አለች። «ሞተሻል ብዬ ነው መንገዱን ሁሉ የመጣሁት። ደግሜ አልችለውም። አንቺ የምታለቅሽው ለልጅሽ ነው። እኔም ለልጄ ነው።»

ብትጠላኝ ኖሮ እንዴት ቀላል ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያላደረግሁት የለም። በሳሙና ታጠብኩ፣ ዘፈዘፍኩ፣ የሌላ ሰው ጣት እንዳይነካኝ ከለከልኩ። ነርሷ የልጅቷን ልብስ አውልቀሽ ደረትሽ ላይ አስተኚያት፣ ደጋግመሽ አቅርቢላት፣ እያለብሽ ቆይ፣ ሊመለስ ይችላል አለችኝ። አስተኛኋት። ደረቴ ላይ ትተኛለች፣ ትስቃለች፣ ጣቴን ይዛ ትጫወታለች፤ ጡቴ ወደ አፏ ሲጠጋ ግን ከንፈሯን ትገጥማለች። ጡጦውን አስይዤ በመሃል በጡቴ በመተካት ልሸነግላት ሞከርኩ፤ ነቃችብኝ። ባለቤቴ አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ፣ እሷም እኔም ስናለቅስ አግኝቶን፣ «በቃ የጣሳውን ትጠጣ፣ ስንት ልጅ አድጎበታል» አለኝ። ነጠላ ጫማዬን ወረወርኩበት። ጫማውን አንስቶ መልሶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ፤ ሌላ ምን ያድርግ። ጎረቤታችን መጸለይዋን አላቆመችም። እኔ ነኝ አሜን ማለት ያቆምኩት።

ወተቱ በአንድ ቀን አልሄደም። መጀመሪያ ሲንኩ ላይ ተንጠባጠበ፤ ቀጥሎ ጣቴን አረጠበ፤ ከዚያ ጨምቄ ጨምቄ አንዲት ነጭ ነጥብ ጫፉ ላይ ቆማ አየኋት። አልጠረግኋትም። ራሷ ደረቀች።

ቁስሉ ግን ዳነ። ሙልጭ ብሎ ዳነ። ስንጥቁ ገጠመ፣ ቆዳው ለሰለሰ፤ ልብስ ሲነካኝ አያመኝም። መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው ልጅ ያልነካው ይመስላል። ያን ሁሉ የለመንኩት ይህንን ነበር።

የልጄ ክርስትና በቀራንዮ መድኃኔዓለም ሆነ። እናቴ ሁለተኛ ዓይንሽን አታሳዪኝ ብላትም አልሄደችም ነበር፤ እኔም ሂጂ አላልኳትም። እናወራለን፤ ስለ አጥሚት፣ ስለ ጨርቅ፣ ስለ ፀሐይ። ሕፃናቱ ስለሚቆርቡ ያን ጠዋት አልጠቡም። ቤተ መቅደሱ በለቅሶ ተሞላ፤ ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉም አልተሰሙም። ልጄም እንደ ማንኛውም ልጅ ተርባ እየጮኸች ቆረበች። ለዚያች ሰዓት ከሌሎቹ ጋር እኩል ነበርን።

ሁሉ ነገር አልቆ ወደ ግቢው ስንወጣ እናቶቹ በአጥሩ ጥግ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ሸፈን አደረጉ፤ ለቅሶው ከዳር ጀምሮ፣ ልጅ በልጅ፣ እየጠፋ ወደ እኛ መጣ። የእኔ ልጅ ብቻ ቀረች። እናቴ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ከጡቶቿ መሃል ጡጦውን አወጣች። እንዳይቀዘቅዝ እዚያ ይዛው ነበር። ስቀበላት የገላዋ ሙቀት ነበረበት። ልጄ ጠጣች፤ ዝም አለች።

አጠገቤ የተቀመጠችው እናት ወጣት ናት፣ አላውቃትም። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ግድግዳ ታያለች። ጫማዋን አየሁ፤ ከክፍት ጫማዋ ውስጥ የእግሯ ጣቶች ተኮማትረዋል።

«ቆስሎብሽ ነው?» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ነፍሴን እያወጣው ነው እህቴ። አንቺም ነበረብሽ?»

«ነበረብኝ።»

«እና በምን ዳነልሽ?»

ጡጦውን እንኳ ልብ አላለችም፤ የቸገራት ሰው ናት። እናቴ በወዲያኛው ጎኔ ተቀምጣ የልጄን ካልሲ እያስተካከለች ነበር። እጇ ቆመ።

«በቅቤ» አልኳት። «ለጋ ቅቤ ቀቢው። ግን ራስሽ ቀቢው፤ ማንም አይቀባልሽ።»

«እናቴ ናት የምትቀባኝ» አለች ወጣቷ።

እናቴ ካልሲውን ጎትታ ለልጄ አጠለቀችላት፤ ባዶውን ጡጦ ከእጄ ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳም ደረቷ ውስጥ ከተተችው።